መስኮቱን የዘጋሁ ቀን

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ቡናዬን ይዤ ተቀምጬ የጎረቤቴ ልጅ መጣች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። «ጋሼ፣ ያ ቀለበት የሚሠራው ግርዶሽ ድሬ የሚመጣው መቼ ነው?» አለችኝ። ዕድሜውን ሙሉ ፊዚክስ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ወዲያው መመለስ ነበረበት። እኔ ግን ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ዝም አልኩ። ጥር 7 ቀን 2002 መጣብኝ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ቀለበቱ ራሱ ያለፈው ከኛ በስተደቡብ፣ በኬንያና በደቡብ ሶማሊያ በኩል ነው። እኛ ጋ ከፊል ግርዶሽ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከግማሽ በላይ። ከዋዜማው ጀምሮ በየሰፈሩ ወሬው አንድ ነው፤ «ዓይን ያጠፋል»። መጋላ አካባቢ ያሉ አንድ አዛውንት ወዳጄ በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ለሚሰገደው የኩሱፍ ሶላት እየተዘጋጁ እንደሆነ ነገሩኝ። ትምህርት ቤታችን ደግሞ ትእዛዝ አወጣ። ተማሪ ወደ ውጭ እንዳይወጣ፣ መስኮት ይዘጋ።

ትእዛዝ ነው ብዬ ማምለጥ አልፈልግም። አምኜበት ነው የዘጋሁት። የክፍላችን መስኮቶች የቆርቆሮ መዝጊያ ነበራቸው። ስንዘጋቸው ክፍሉ ጨለመ፣ ወዲያው ታፈነ። በሩን ገርበብ አድርጌ ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ ሦስት ክብ ሳልኩ።

ያስተማርኩት ትክክል ነበር፤ ዛሬም አንድ ቃል አልቀይርም። የፀሐይ ስፋት የጨረቃን 400 ጊዜ ያህል ነው። ርቀቷም የጨረቃን ርቀት 400 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሰማይ ላይ እኩል መስለው ይታያሉ። የጨረቃ መንገድ ግን ፍጹም ክብ አይደለም። አንዴ ወደ 363 ሺህ ኪሎ ሜትር ትቀርበናለች፣ አንዴ ወደ 405 ሺህ ትርቃለች። በሩቁ በኩል ሆና ፀሐይ ፊት ስታልፍ ታንሳለች፣ ሸፍና አትጨርስም፤ ዳር ዳሩ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። የጨረቃ ጥላ ሾጣጣ ስለሆነ ያን ጊዜ ጫፉ ምድርን ሳይነካ አየር ላይ ያልቃል። ግርዶሽ በየወሩ የማይሆነው የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፀሐይ በላይ ወይም በታች ታልፋለች። ያን ዕለት ደግሞ ጨረቃ በጣም ርቃ ነበር። ምድር በጥር ለፀሐይ ስለምትቀርብ ፀሐይም ትንሽ ተልቃ ነበር። ለዚህ ነው ቀለበቱ ህንድ ውቅያኖስ ላይ 11 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ያህል የቆየው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 3043 ድረስ እንዲህ የሚረዝም የለም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዝምተኛ ልጅ ነበረች። «ቲቸር፣ ይዩ! ደብተሬ ላይ ጨረቃ አለች።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ዞሬም አላየሁም። «ወደ ሰሌዳው ተመልከቺ!» አልኳት፤ ጮክ ብዬ።

እረፍት ላይ ወደ ግቢው ስወጣ የኒሙ ጥላ ሥር ቆሜ ቀረሁ። መሬቱ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፀሐዮች ወድቀዋል። ሁሉም ዳራቸው የተገመጠ ነው። በቅጠሎቹ መሃል ያለው እያንዳንዱ ቀዳዳ የየራሱን ግርዶሽ ያሳያል። ያኔ ነው የገባኝ። ሮጬ ተመለስኩ። የቆርቆሮው መዝጊያ ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ነበረች። ልጅቷ ያየችው እውነተኛውን ግርዶሽ ነው። ተገልብጦ፣ የተሰመረ ወረቀት ላይ፣ ዓይን በማይጎዳ መንገድ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የጠመኔ ፀሐይ ስስል እሷ የፀሐይዋን መልክ ይዛ ተቀምጣ ነበር። እኔ ስደርስ ግን ፀሐይ ልትሞላ ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ልጅቷም ደብተሯን ዘግታለች።

ይቅርታ አልጠየቅኳትም። መምህር ተማሪን ይቅርታ የሚጠይቅበት ዘመን አልነበረም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ልጅቷ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እኔ ክፍል ውስጥ እጇን አላወጣችም።

ለጎረቤቴ ልጅ የመለስኩላትን ለናንተም ልንገራችሁ። ጥር 29 ቀን 2019 ቀለበታዊ ግርዶሽ አለ፤ ደቡብ አሜሪካን አቋርጦ ምዕራብ አፍሪካ ላይ ያበቃል፣ እኛ አናየውም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 26፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ሙሉ ግርዶሽ የግብጽን ሉክሶር፣ መካንና የመንን አቋርጦ የሶማሊያን ሰሜናዊ ጫፍ ይነካል። ለድሬና ለሐረር ከፊል ነው፤ የሐምሌ ደመና ከፈቀደልን። ግንቦት 13 ቀን 2023 ደግሞ ቀለበቱ በታንዛኒያ በኩል ያልፋል። ያንንም በከፊል እናየዋለን።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገራችሁ ያናድደኛል። ሰማዩ እላያችሁ ላይ እያለ ስልክ ውስጥ ትፈልጉታላችሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበቱ ሲታይ የሰፈራችን ወጣቶች ደጅ ቆመው ቲክቶክ ላይ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከላሊበላ የተላከውን ፎቶ የአንዱን ስልክ ተቀብዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አምሮኝ ነበር።

ስለ ዓይን አንድ ነገር ብቻ። ራጅ አይሆንም፣ ጥቁር መነጽርም አይሆንም። ቀለበት ሲሆን ቀጭን ስለሚመስል የማይጎዳ ይመስላል፤ ያቃጥላል። ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ሲቃጠል ደግሞ አያምም፤ የምታውቁት ዓይናችሁ ከደበዘዘ በኋላ ነው። ለግርዶሽ የተሠራ፣ አይኤስኦ 12312-2 (ISO 12312-2) የሚለው የዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር የተጻፈበትና ያልተጫረ መነጽር ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁ ሚስማር ይበቃል።

ካርቶን በሚስማር ብሱና ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ። ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉት። በቀዳዳው አሻግራችሁ ግን አትዩ። ወረቀቱን ባራቃችሁት ቁጥር ፀሐይዋ ታድጋለች። በአንድ ሜትር ርቀት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም። በሁለት ሜትር የአምስት ሳንቲም ፍራንክ ልታክል ትንሽ ይቀራታል። ያቺ ደብተር ላይ የነበረችውም ይህችኑ ታህል ነበር።