የሳተላይት ሬዲዮን ኬዝ ለቃለ መጠይቅ እንዴት ልዘጋጅበት?

ለአማካሪ ድርጅት ቃለ መጠይቅ የአሜሪካን የሳተላይት ሬዲዮ (ከሳተላይት በወርሃዊ ክፍያ የሚደመጥ ሬዲዮ) ገበያ እንደ ኬዝ፣ ማለትም እንደ መተንተኛ የንግድ ጥያቄ ተሰጥቶሽ፣ «አምስቱን ኃይሎች» (የፖርተርን የገበያ ፉክክር መተንተኛ ሠንጠረዥ) በየተራ ሞልተሽ ብታቀርቢ «ላይ ላዩን ነው» መባልሽን ጽፈሻል። ሠንጠረዡ አልተሳሳተም፤ የጎደለው ስሌት ነው።

ከወጪው ጀምሪ። ሁለቱ የሳተላይት ሬዲዮ ኩባንያዎች ኤክስኤምና ሲሪየስ እ.ኤ.አ. በ1997 የስርጭት ፈቃዱን በጨረታ ሲወስዱ እያንዳንዳቸው ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍለዋል። ሳተላይቱ ደግሞ አንድ ሰው አዳመጠው ሚሊዮን ሰው፣ ወጪው ያው ነው። ስለዚህ ፉክክሩ ገንዘቡ ሳያልቅ ደንበኛ የማብዛት ሩጫ ነበር።

የታዋቂውን የሬዲዮ አቅራቢ የሃዋርድ ስተርንን ውል ውሰጂ። ሲሪየስ በ2004 ለአምስት ዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተስማማለት፤ በዓመት 100 ሚሊዮን መሆኑ ነው። የወር ክፍያው 12.95 ዶላር ስለነበር አንድ ደንበኛ በዓመት 155.40 ይከፍላል። 100 ሚሊዮኑን ለዚህ ስታካፍዪው ውሉን ለመሸፈን 643,500 ያህል ደንበኛ ያስፈልጋል፤ ያውም በስተርን ምክንያት ብቻ የመጡ። የሙዚቃ ሮያሊቲ (ለሙዚቃው ባለመብቶች የሚከፈለው) እና ሌላው ወጪ ሲቀነስ ቁጥሩ ገና ይጨምራል። ይህን ጠያቂው ፊት ወረቀት ላይ ሥሪው።

ቀጥሎ መኪናው ነው። ኤክስኤም ከጄኔራል ሞተርስና ከሆንዳ፣ ሲሪየስ ከፎርድና ከክራይስለር ጋር የተሳሰሩት ሬዲዮው ፋብሪካ ውስጥ ከተገጠመ ገዢው ሱቅ ገብቶ ስለማያማርጥ ነው። ብዙ አመልካች የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ አዲስ መኪና ገዝቶ በሙከራ ጊዜ የሚያዳምጥ ሁሉ ከፋይ ደንበኛ አይደለም። ከመቶ ሙከራ ስንቱ ከፋይ ሆነ? በየወሩ ከመቶ ስንቱ ያቋርጣል? 2 በመቶ ያቋርጣል ብለሽ ብትነሺ አማካይ ቆይታው (100 ለ2 ሲካፈል) 50 ወር፣ ከአንድ ደንበኛ የሚገኘው ጠቅላላ ገቢ (50 በ12.95 ሲባዛ) 647.50 ዶላር ይሆናል። አገልግሎቱን ለማድረስና ደንበኛውን ለማምጣት የወጣው ከዚህ ላይ ይቀነሳል፤ ገቢውን እንደ ትርፍ ያቀረበ አመልካች እዚያው ይወድቃል።

በ2007 ይፋ ስለሆነው የኤክስኤምና የሲሪየስ ውህደት መጠየቅሽ አይቀርም። ገበያው ሳተላይት ሬዲዮ ብቻ ከሆነ ውጤቱ ሞኖፖሊ ነው፤ ኤፍኤምንና አይፖድን (የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ) ከጨመርሽ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በ2008 ሳይቃወም ካለፈባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የአንዱ መቀበያ የሌላውን ስርጭት ስለማይዝ አንዴ የገባ ደንበኛ ቀድሞም እምብዛም አለመቀየሩ ነው። የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑም ሲፈቅድ የዋጋ ጣሪያ ለሦስት ዓመት አስቀመጠ። ያም ሆኖ የተዋሃደው ኩባንያ በ2009 መጀመሪያ ዕዳው ደርሶበት ከኪሳራ ያዳነው የሊበርቲ ሚዲያ 530 ሚሊዮን ዶላር ብድር ነበር። «ውህደቱ ተሳካ ወይ?» ካሉሽ፣ ተፎካካሪን ማስወገድና ዕዳን ማቃለል የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ ለየብቻ መልሺ።