ማሰሪያ አንቀጹ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ስማርት ስልክ ከገዛሁላቸው ወዲህ ቴሌግራም ሲያነቡ ይውላሉ። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ሳለን፣ ከአንድ ባለሥልጣን ፎቶ ሥር «ታክሲ መክፈል ያቃተው በእግሩ ይሂድ» የሚል ጽሑፍ አነበቡና ማዕዱን ትተው ተነሡ። ወንድሜ «ፌክ ነው» አላቸው። ተጣሉ። እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ልመዝነው? ምስሉን ልኬልዎታለሁ።
የአራት ኪሎዋ አንባቢ

መልስ፦ ልጄ፣ የላክሽውን ምስል አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። 22 ዓመት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ነገር የሚታየኝ ከወረቀት ላይ ሳነብ ነው። ከዚያ ንግግሩን ፈለግኩ። 40 ደቂቃ ነው፣ ሙሉው ዩቲዩብ ላይ አለ። ደቂቃ 23 ላይ ሰውየው ያሉት ይህን ነው፦ «‹ታክሲ መክፈል ያቃተው በእግሩ ይሂድ› የሚል ኃላፊ ካለ ቢሮውን ይልቀቅ።»

አየሽ? ቋንቋችን ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሰው ብዙ ብሎ ብሎ፣ ይስማማ ይቃወም የሚለየው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ አማርኛን በመቀስ ማጣመም ቀላል ነው። አንድ ቃል መጨመር አያስፈልግም። ከ«የሚል» በፊት መቁረጥ ይበቃል። ወንድምሽ «ፌክ ነው» ማለቱ አባትሽን ያላሳመናቸው ለዚህ ነው። ቃላቱ በእርግጥ ከሰውየው አፍ ወጥተዋል።

የ9 ሴኮንዱን ቁራጭ ቪዲዮም አገኘሁት። ሰው ሐሳቡን ሲጨርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ትንፋሽ ይወስዳል። እዚህ ግን «ይሂድ» ላይ ድምፁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጆሮሽን ብትጥዪ የ«የሚል» መጀመሪያ «የሚ» እንኳ ትሰማለች። እኔ የያዝኳት ለሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ነው።

አሁን ጥቅሱን ተዪውና ዙሪያውን እዪ። ከላይ በቀይ «ሰበር» ይላል። ቀጥሎ «ሕዝቡን ሰደበ!» ይላል። በአንቱታ የሚጠሩትን ሰው፣ የለጠፈው አንቱታቸውን ገፎ ነው ያቀረባቸው። ጥቅሱ ጋ ሳትደርሺ እንድትንቂያቸው ተደርገሻል። «ተናገሩ» ማለት ይቻል ነበር። «ሰደበ»፣ «ዛተ»፣ «አመነ» የሚሉት ግሦች ግን ፍርዱን ቀድመው ይሰጣሉ። እኛ እንዲህ ያለውን በቀይ እስክሪብቶ አስምረን ለሪፖርተሩ እንመልስ ነበር። ከታች ደግሞ «ሳይሰረዝ ሼር ይደረግ» አለበት። ማን ነው የሚሰርዘው? ጥድፊያው ሙሉውን ንግግር እንዳትፈልጊ ነው።

ቀንም የለውም። አንዳንዱ ቀን ቢኖረው እንኳ «2012» ብሎ ይተወዋል። በእኛ ይሁን በፈረንጅ አይታወቅም። መካከላቸው 7 ወይም 8 ዓመት አለ፤ በዚያ ውስጥ ስንት ነገር ይለወጣል!

ደግሞ ሰው የሚያዛባው ለማዋረድ ብቻ አይደለም። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ዛሬ ፎቷቸው ላይ «ዛሬ እኛ ነን፣ ነገ እናንተ» የሚል ይለጠፋል። የንግግሩ ጽሑፍ ውስጥ ግን ይህ የለም። ከመድረክ ሲወርዱ አሉት ይባላል እንጂ። ጽሑፉ የሚያበቃው ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ በመጠየቅ ነው። እኔን ያ ጥያቄ የበለጠ ያመኛል። ትንቢቱ ግን ያኮራል፤ ስለዚህ የሚዞረው እሱ ነው።

ወደ አባትሽ ልመለስ። ሙሉውን ሰምቼ ባለሥልጣኑን ነፃ አላወጣኋቸውም። የተጠየቁት ስለ ታክሲ ታሪፍ ነበር። እሳቸው ስም የሌለው ኃላፊ አቁመው ተቆጡበት፣ አዳራሹ አጨበጨበ፣ የታሪፉ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ይህም ማዘናጋት ነው፤ መቀስ ያልነካው ማዘናጋት። የአባትሽ ንዴት ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ለመድረስ ስንት እንደሚከፍሉ ያውቁታል።

ስለዚህ «ተሸወዱ» እንዳትያቸው። በወንድምሽ ፊትም አይሁን። ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ቁጭ በይና «አባባ፣ እስቲ ሙሉውን አብረን እንስማው» በያቸው። ስለ ታሪፉ የሚሉት ካለ አስጨርሻቸው። ቪዲዮውን ከደቂቃ 22 ጀምሪው፣ ጥያቄውም እንዲሰማ።