ስለ ቻይና ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ቤተሰብ። ሺያን ከተማ ስድስት አመት ተምሬያለሁ፣ ከዛ መጥቼ ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ ከቻይኖች ጋር በአስተርጓሚነት እየሰራሁ ነው። ስለ ቻይና የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። አመተ ምህረቱን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምፅፈው እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድም፣ 5000 አመት ታሪክ አለን የሚሉት እውነት ነው ወይስ እንደኛ 3000 አመት ክርክር ያለበት ነው?

መልስ፦ ክርክር አለበት። 5000 የሚለው በአፈታሪክ ያሉትን ነገስታት ጨምሮ ነው። በፅሁፍ ማስረጃ የሚያዘው ወደ 3200 አመት ገደማ ነው፣ አንያንግ በሚባል ቦታ የተገኘ በኤሊ ቅርፊትና በበሬ አጥንት ላይ የተቀረፀ ፅሁፍ፣ ንጉሱ ዘንድሮ ዝናብ ይጥላል ወይ፣ ጦርነቱ ይቀናኛል ወይ፣ ሚስቴ በሰላም ትገላገላለች ወይ እያለ የሞቱ አያቶቹን የሚጠይቅበት። እኔን ግን የሚገርመኝ እድሜው ሳይሆን አለመቋረጡ ነው። የግብፅን የፈርኦኖች ፅሁፍ ማንበብ የሚችል ጠፍቶ በስንት ዘመኑ ፈረንሳዊ ነው የፈታው፣ የቻይናው ግን እዛ አጥንት ላይ ካሉት ምልክቶች ውስጥ ዛሬ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ትንሽ ብትረዱት የሚለያቸው አሉ፣ ተራራ፣ ጨረቃ፣ ሰው የሚሉት። አክሱም የኢዛና ድንጋይ ፊት ቆሞ የሚያውቀውን ፊደል ያየ ሰው ይሄ ስሜት ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ያን ያህል ህዝብ እንዴት አንድ አገር ሆኖ ቆየ? እኛ እዚህ በስንት ቋንቋ እየተጨቃጨቅን።

መልስ፦ መጀመሪያ ሁልጊዜ አንድ አልነበሩም፣ ተበታትነው በመቶ አመታት የተፋጁበት ዘመን አለ። ግን በተበተኑ ቁጥር መልሶ የሚሰበስባቸው ነገር ነበር፣ በኔ እይታ አንደኛው ፅሁፉ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 221 ላይ ቺን ሺ ኋንግ የሚባለው ንጉስ ሌሎቹን መንግስታት በሙሉ አሸንፎ ፅሁፉን፣ ሚዛኑን፣ የጋሪ እግር ስፋቱን ሳይቀር አንድ አረገው (1974 ላይ ገበሬዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ የተገኘው የሸክላ ጦር የሱ ነው፣ ሺያን አጠገብ)። የቻይና ፅሁፍ እንደኛ ፊደል ድምፅ አይደለም የሚፅፈው፣ ቃሉን ነው። ስለዚህ የጓንዡ ሰውና የቤጂንግ ሰው በየራሳቸው አፍ ቢያወሩ አይግባቡም፣ ወረቀት ላይ ሲፅፉት ግን ሁለቱም ያነቡታል፣ እኔ ራሴ ጓንዡ ታክሲ ውስጥ በቃል አልገባ ሲለን ስልክ ላይ ፅፌ ነው የተግባባሁት።

ሁለተኛው ፈተናው ነው። ወደ 1300 አመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ እስከ 1905 ድረስ፣ ሹመት የሚገኘው በፈተና ነበር። በእርግጥ ያን ያህል አመት ቁጭ ብሎ ለመማር ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ያስፈልጋል፣ የድሃ ልጅ የሚደርስበት እድል ጠባብ ነው፣ ግን ዳር አገር ያለ ሀብታም ሁሉ አምፆ ከመገንጠል ይልቅ ልጁን አስተምሮ ቤተመንግስት ማስገባት ነበር ህልሙ። ያ ነገር ዛሬም አለ። ጋኦካኦ የሚሉት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አለ፣ በየአመቱ ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ 2024 ከ13 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ነው የተመዘገበው። በዛ ሰሞን ፈተና ጣቢያው አጠገብ ግንባታ ይቆማል፣ እናቶች ውጪ ፀሀይ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ያንን ሳይ ማትሪክ የተፈተንኩ ቀን እናቴ ያረገችው ነው የታየኝ።

ጥያቄ፦ ግንቡ ከጨረቃ ይታያል?

መልስ፦ አይታይም። የራሳቸው የመጀመሪያ ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌይ 2003 ከጨረቃ በጣም ቅርብ የሆነው ጠፈር ላይ ደርሶ ሲመለስ እንኳን አላየሁትም ብሏል። ደግሞ አንድ ግንብ አይደለም፣ በተለያየ ዘመን የተሰራ ብዙ ግንብ ነው፣ ፎቶ ላይ የምታዩት በብዛት ሚንግ በሚባሉት ነገስታት ዘመን የተሰራው ነው።

ጥያቄ፦ ወረቀት እነሱ፣ ባሩድ እነሱ፣ ኮምፓስ እነሱ፣ ህትመት እነሱ። ታዲያ ምን ሆነው ነው ወደ ኋላ የቀሩት?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ብዙ ምሁር እድሜውን የጨረሰበት ነው። አንድ ነገር ላስታውስ፣ የኢኮኖሚ ታሪክ ሰዎች ባሰሉት ግምት 1820 አካባቢ የአለም ምርት አንድ ሶስተኛው የቻይና ነበር። ማለት ወደ ኋላ ቀሩ የምንለው ጊዜ ከታሪካቸው አንፃር አጭር ነው፣ እነሱም የሚያዩት እንደዛ ነው፣ አሁን እየተነሳን ሳይሆን ወደ ቦታችን እየተመለስን ነው ነው የሚሉት።

ምን ሆኑ ለሚለው፣ እንግሊዞች ሻዩን፣ ሀሩንና ሸክላውን በብር ይገዙ ነበር (ማእድኑን ብር ማለቴ ነው) እና ብሩ አለቀባቸው። ህንድ ውስጥ ያመረቱትን ኦፒየም ማስገባት ጀመሩ፣ ህዝቡ በሱስ ተያዘ። ሊን ዘሹ የሚባል ሹም 1839 ላይ ከ20 ሺ ሳጥን በላይ ኦፒየም ወርሶ አጠፋው፣ እንግሊዝ በዛ ምክንያት ጦርነት ከፈተች፣ 1842 ላይ ሆንግ ኮንግን ወሰደች፣ እስከ 1997 አልመለሰችም። ለአደንዛዥ እፅ ንግድ ተብሎ አገር ተወጋ ማለት ነው።

1860 ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተመልሰው መጥተው ቤጂንግ ገቡ፣ ዩዋንሚንግዩዋን የሚባለውን የንጉሱን ቤተመንግስትና የአትክልት ስፍራ ዘርፈው አቃጠሉት። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ በዛ ዘመቻ ከእንግሊዝ ክፍለ ጦሮች አንዱን ይመራ የነበረው ሰው ሮበርት ናፒየር ነው። አዎ ያው ናፒየር። ስምንት አመት ቆይቶ 1868 መቅደላ ላይ የመጣው፣ አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው የሞቱበት፣ መፅሀፉና ታቦቱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ የሄደበት። ይሄን ቤጂንግ ፍርስራሹ መሀል ቆሜ ለክፍል ጓደኛዬ ስነግረው ዝም ብሎ አየኝና እናንተም ናችሁ እንዴ አለኝ፣ ከዛ ቀን በኋላ ጓደኝነታችን ሌላ ሆነ። ፍርስራሹን መልሰው አልገነቡትም፣ እንዳለ ትተውት ተማሪ እየወሰዱ ያሳዩታል። ያንን ዘመን የውርደት መቶ አመት ይሉታል። ዛሬ በታይዋን ጉዳይ ወይ ከአሜሪካ ጋር በታሪፍ ሲካረሩ ይሄን ያልያዘ ሰው ለምን እንደሚቆጡ አይገባውም።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ሁሉም የፈረንጅ ጥፋት ነው እያልክ ነው? የራሳቸውስ?

መልስ፦ አይደለም፣ ጥሩ አረክ ጠየክ። በዛው ዘመን ታይፒንግ የሚባል የእርስ በርስ ጦርነት ነበራቸው፣ ከ1850 እስከ 1864፣ 20 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቤተመንግስቱም በስብሶ ነበር። ከዛ በማኦ ጊዜ ከ1959 እስከ 1961 የነበረው ረሀብ አለ፣ የአብዛኞቹ አጥኚዎች ግምት ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው፣ እህሉ ሳይኖር አለ ተብሎ ሪፖርት እየተደረገ ነው ገበሬው ያለቀው። የውሸት ሪፖርት ሰው ይገላል። ከ1966 ጀምሮ ማኦ አሮጌውን ባህል ለማጥፋት ባስነሳው የባህል አብዮት ደግሞ የጥንቱን ፈላስፋ የኮንፊሽየስን መቅደስና መቃብር ሳይቀር ወጣቶቹ ሰባብረዋል፣ ልጅ አባቱን፣ ተማሪ መምህሩን አጋልጧል። አንድ ሽማግሌ አስተማሪ ነበሩኝ፣ በልጅነታቸው ከከተማ ወደ ገጠር የተላኩ፣ ስለዛ ጊዜ ስጠይቃቸው ሻይ ቀድተውልኝ ወሬውን ቀየሩት። በደርግ ጊዜ ስለሆነው አባቶቻችንን ስንጠይቅ እንደሚሆነው ነው፣ ከዛ በኋላ አልጠየቅኳቸውም።

ጥያቄ፦ እና በ40 አመት እንዴት እዚህ ደረሱ?

መልስ፦ ብዙ ሰው ለውጭ ባለሀብት መጀመሪያ ከተከፈቱት ከተሞች አንዷ ከሆነችው ከሼንዘን ይጀምራል፣ እኔ ከገበሬው ነው የምጀምረው። 1978 መጨረሻ ላይ አንሁዊ ውስጥ ሺያዎጋንግ የሚባል መንደር 18 ገበሬዎች ማታ ተሰብስበው የጋራ እርሻውን በየቤተሰቡ ለመከፋፈል በጣት አሻራ ተፈራረሙ። ወንጀል ነበር፣ ከታሰርን ልጆቻችንን አሳድጉልን ተባብለው ነው። በሚቀጥለው አመት ምርቱ ተትረፈረፈ፣ በዛ ጊዜ አገሪቱን የሚመሩት እነ ዴንግ ሺያዎፒንግ ከመቅጣት ይልቅ አገር ላይ አሰፉት። ከዛ ነው 1980 ሼንዘን መከፈቷ፣ 2001 የአለም ንግድ ድርጅት መግባታቸው ምናምን የመጣው። የአለም ባንክ ወደ 800 ሚሊዮን ሰው ከከፋ ድህነት ወጣ ይላል። መንግስት ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ህዝቡ የጀመረውን ስላልገደለው ነው።

ጥያቄ፦ እግዚአብሄርን ያውቃሉ? ክርስትና ገብቶላቸው ያውቃል?

መልስ፦ ሺያን ያለው የድንጋይ ፅሁፎች ሙዚየም ውስጥ 781 ላይ የቆመ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ አናቱ ላይ መስቀል ያለበት፣ በቻይንኛና በሶሪያ ቋንቋ የተፃፈ። 635 ላይ አሎፐን የሚባል መነኩሴ መጥቶ ንጉሱ እንደተቀበለው ይናገራል። ከምስራቅ ቤተክርስቲያን ነው፣ ንስጥሮሳውያን የምንላቸው፣ የኛ እምነት አይደለም፣ ግን ያን ዘመን ከሶሪያ አካባቢ ቅዱሳት መፃህፍት ተሸክሞ እዛ ድረስ መሄድ፣ ዘጠኙ ቅዱሳን ወደኛ የመጡበትን መንገድ አሰብኩ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አንድ ሰአት ቆሜያለሁ። ብዙሀኑ ህዝብ ግን የአያቶቹን መቃብር ይጠርጋል፣ ቡድሃ መቅደስ ሄዶ እጣን ያጨሳል፣ ሀይማኖትህ ምንድነው ስትለው የለኝም ይልሀል።

ጥያቄ፦ አሁን እውነቱን ንገረን፣ ቅኝ እየገዙን ነው?

መልስ፦ ቅኝ ግዛት አልለውም፣ መቅደላንና አድዋን የሚያውቅ ሰው ቃሉን እንዲሁ መበተን የለበትም። ብድር ነው፣ ብድር ደግሞ ይከፈላል። የጅቡቲ ባቡርን ብታይ፣ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው፣ 2016 ተመረቀ፣ አብዛኛው በቻይና ብድር፣ ክፍያው ከብዶን 2018 ላይ ከ10 አመት ወደ 30 አመት ተራዘመ። ቀድሞ ሲፈረምስ 10 አመት ይበቃል ያለው ማነው? እኔን የሚያመኝ እሱ ነው። በአስተርጓሚነት የገባሁባቸው ስብሰባዎች ላይ እነሱ ጋ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ቁጭ ብሏል፣ ቤጂንግ ውስጥ አማርኛን ሙሉ ዲግሪ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በኛ በኩል ቻይንኛውን የውል ገፅ የሚያነብ የለም፣ እኔን ነው የሚጠይቁት፣ እኔ ደግሞ የህግ ባለሙያ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ከነሱ ጋር ያለን ግንኙነት በደርግ ነው የጀመረው?

መልስ፦ ከዛ በፊት። 1970 ህዳር ላይ ነው በይፋ የተጀመረው፣ ጃንሆይ 1971 ቤጂንግ ሄደው ማኦን አግኝተዋል፣ አየር መንገዳችንም 1973 በረራ ጀመረ። እቃውማ ከዛ ሁሉ በፊት ነው የመጣው። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ ስሙ ከአረብኛ ነው፣ ሲኒ ማለት የቻይና ማለት ነው። ሻይም ቻ ከሚለው የነሱ ቃል ነው ዞሮ ዞሮ የደረሰን።

ጥያቄ፦ የኔ ልጅ፣ ልጄ ስኮላርሺፕ ደርሶት በመስከረም ሺያን ይሄዳል፣ ሆዴ ባብቷል። ምን ልንገረው?

መልስ፦ እናቴ እንኳን ደስ አለዎት፣ አይስጉ፣ ሰላም ከተማ ነው። ክረምቱ ከዜሮ በታች ይወርዳልና ወፍራም ጃኬት እዛው ይግዛ፣ ከዚህ አይሸከም። በርበሬና ሽሮ ግን ይያዝ። የሚፆም ከሆነ ቶፉና አትክልት ሞልቷል፣ ግን በአሳማ ስብ ሊጠበስ ስለሚችል ሳይሰለች ይጠይቅ። የመጀመሪያውን አመት ቋንቋውን ሲማር ፊደሎቹን በስልክ ብቻ ሳይሆን በእጁ እየፃፈ ያጥና፣ እኔ በስልክ እየነካካሁ ያለፍኩትን በሁለተኛው አመት እንደገና ነው የጀመርኩት። ለመምህሩ ወረቀት ሲሰጥም ሲቀበልም በሁለት እጁ ይሁን፣ እሱን እርስዎ አስተምረውታል፣ እዛም ያው ነው። ከመሄዱ በፊት ስልኬን ልላክልዎትና ይደውልልኝ፣ ድንጋዩ የት ጋ እንዳለ እነግረዋለሁ።