«ተጨማሪ ሰዓት እንሰጠዋለን» ብቻውን አይበቃም

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ወንድምሽ ማየት የተሳነው የሁለተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነው። በዚህ ሴሚስተር ትምህርቱ ኦንላይን ስለሆነ ዘጌ ቤተሰብ ጋር ሆኖ ነው የሚማረው። ፋይናል እየደረሰ ነው። ዲፓርትመንቱን ብትጠይቂ «ተጨማሪ ሰዓት እንሰጠዋለን» አሉሽ። «ይሄ ይበቃል ወይ? ሌላ ምን እንጠይቅ?» ነው ያልሽው።

አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ላስረዳሽ።

እኔም ማየት የተሳነኝ ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጊቢ ገብቼ ነው የተማርኩት። ሁለተኛውን አብዛኛውን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ካለው ቤታችን ሆኜ በርቀት ጨረስኩ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። በሁለቱም መንገድ ስለተፈተንኩ ልዩነቱ ገብቶኛል። ጊቢ ውስጥ ስትፈተኚ ችግር ቢመጣ እዚያው የሚጠየቅ ሰው አለ። ጥያቄው ግልጽ ካልሆነ መምህሩ ይጠራል። ሰዓት ከባከነ ፈታኙ በዓይኑ አይቷል። ቤት ሆነሽ ስትፈተኚ ግን ሰዓቱን የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው። መምህሩም ስልክ ላያነሳ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ ያላለቀ ነገር በፈተናው ሰዓት አያልቅም።

ከሰዓቱ ልጀምር። «ተጨማሪ» ማለት ስንት ነው? በደቂቃ ይነገረው፣ በጽሑፍም ይሰጠው። በብዙ አገር የተለመደው ከፈተናው ሰዓት ሩቡን ወይም ግማሹን መጨመር ነው። በስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ወይም በብሬል ለሚሠራ ሰው ግማሽ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሁለት ሰዓት ፈተና ሦስት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ መምህራን አያውቁትም። ፈተናው በሙድል (ትምህርትና ፈተና በኦንላይን በሚሰጥበት ሲስተም) ከሆነ ተጨማሪው ሰዓት ሲስተሙ ውስጥ በወንድምሽ ስም መሞላት አለበት። ኦቨርራይድ ይባላል። ለአንድ ተማሪ ብቻ ሰዓት ለመጨመር የተሠራ ነው፤ መምህሩ ቁጭ ብሎ ቢሠራው ደቂቃም አይፈጅበትም። ካልተሞላ ግን በቃል የተፈቀደውን ሲስተሙ አያውቀውም። እኔ ላይ ደርሷል። መምህሩ ጨምሬልሃለሁ ብሎኝ ተማምኜ ጽሑፍ የሚጠይቀውን ክፍል ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። መደበኛው ሰዓት ሲሞላ ገጹ ራሱን ዘጋ፤ የጻፍኩት ግማሽ መልስ እንዳለ ተላከ። ለማስተካከል ሳምንታት ፈጀ።

ሁለተኛው ጉዳይ ፋይሉ ነው። አንድ ዓይናማ ሰው ስልኩ ላይ ያለችውን ፒዲኤፍ ከፍቶ ያነባታል። ያቺ ፒዲኤፍ ግን በፎቶ ተነስታ የተሠራች ከሆነች ለስክሪን ሪደር ባዶ ገጽ ነች። ፊደል የለባትም፣ ምስል ብቻ ነው። በቴሌግራም የሚላኩልን ሃንድአውቶች ግማሾቹ እንደዚህ ናቸው። ፈተናውም በዚህ መልክ እንዳይመጣ «በወርድ ይላክልኝ» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። አማርኛ ያለበት ከሆነ ደግሞ በዩኒኮድ መጻፉን ያረጋግጥ። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ይመስላል እንጂ ከሥሩ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው ነገር ያንጫጫል።

ስታቲስቲክስ እየወሰደ ነው ብለሻል። እዚህ ላይ ጠንከር በሉ። ግራፍና ሰንጠረዥ መምጣቱ አይቀርም። ግራፉ በቃላት ተገልጾ ይጻፍለት፤ ካልሆነ እኩል ነጥብ ያለው ሌላ ጥያቄ ይተካለት። «ያንን ጥያቄ ዝለለው፣ ከሌላው እናሰላልሃለን» ሲሉ አይቀበል። ኮርሱን ተምሮታል፤ ሊፈተንበትም ይገባል። ቀመሮችም በምስል ሳይሆን በጽሑፍ ይምጡለት። የማዛመድ ጥያቄ በሁለት ዓምድ ሰንጠረዥ ሲሰጥ ስክሪን ሪደሩ በመደዳ ስለሚያነበው የግራው ከቀኙ ይደባለቃል። መጀመሪያ አንዱ ዓምድ፣ ከሱ ሥር ሌላው ተደርድሮ ይጻፍለት። በማውስ እየጎተቱ ቦታው ላይ የሚያስቀምጡት ዓይነት ጥያቄ ጭራሽ አይሁን።

አሁን ወደ ጆሮ ማዳመጫው ልምጣ። ማንም አስቀድሞ አያስበውም፤ የብዙዎቻችንን ፈተና የሚያበላሸው ግን እሱ ነው። ስክሪን ሪደር የሚያወራው በጆሮ ማዳመጫ ነው። በዙም የሚጠብቅ ፈታኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚለው «ጆሮህ ላይ ያለውን አውልቅ» ነው። ቀጥሎ «ካሜራውን እየው» ይላል። ዓይናችን ወዴት እንደዞረ ለኛ ምንም ማለት አይደለም፤ ለሱ ግን መኮረጅ ይመስለዋል። አንዱ ፈታኝ መሃል ፈተና ላይ አስቁሞኝ «ከሰው ጋር እያወራህ ነው» አለኝ። ድምፁን በስፒከር ለቀቅኩለት። እኔ በለመድኩት ፍጥነት ሲሮጥ ሲሰማው አንድም ቃል አልገባውም። ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። በመጨረሻ «እሺ ቀጥል» አለኝ፤ ያለፈው ደቂቃ ግን አልተተካልኝም። ከዚያ የከፋው ልቤ መረበሹ ነው። የማውቀውን ጥያቄ ደጋግሜ እየሰማሁ አልገባኝ አለ።

ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ይኼ በግልጽ ይግባ፦ ተማሪው ስክሪን ሪደር ይጠቀማል፣ ጆሮ ማዳመጫ ያደርጋል፣ ካሜራ እንዲያይ አይጠየቅም። የሚጠብቀው ፈታኝም ከፈተናው በፊት ይነገረው። ጥርጣሬ ካላቸው ሁለተኛ ስልክ ከጎን አስቀምጠው ክፍሉንና ስክሪኑን ይዩ። ያ ችግር የለውም። እኛ የምንፈልገው ያለ ሥርዓት መፈተን አይደለም። ሥርዓቱ እኛንም አስቦ እንዲሠራ ነው።

አንባቢም ጠይቂለት። «ስክሪን ሪደር ካለው አንባቢ ምን ያደርጋል?» ይሉሽ ይሆናል። ኮምፒውተሩ እምቢ ሲል፣ ገጹ ሲንጠለጠል፣ ድንገት ምስል ሲመጣ የሚደርስለት አንባቢው ነው። ግን አንቺ አትሁኚ። አትከፊብኝ። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ «እህቱ ሠራችለት» ይባላል፤ የልፋቱን ዋጋ ያሳጡታል። ዲፓርትመንቱ ስሙን የሚያውቀውና የተስማማበት ሰው ይሁን። እኔ የምመርጠው እዚያው ማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ ሆኖ ከሌላ ዲፓርትመንት የሆነ ተማሪ ነው። ቃላቱን ሳይደናቀፍ ያነባቸዋል፤ መልሱን ነገረው ተብሎም አይጠረጠርም።

ጥሩ አንባቢ ምን ዓይነት እንደሆነ ከራሴ ልንገርሽ። የኔ አንባቢ ፔዳ ጊቢ የሚማር የሰፈራችን ልጅ ነበር። ጥያቄውን ከማንበቡ በፊት ቅርጹን ይነግረኛል። «አሥራ ሁለት። አራት መስመር ነው። ምርጫዎቹ አጫጭር ናቸው» ይላል። ከዚያ ያነባል። ምርጫዎቹን ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ያነባቸዋል። አንዳንድ አንባቢ ራሱ የሚያምንበት መልስ ላይ ሲደርስ ሳያውቀው ዘግየት ይላል፤ ያ ደግሞ ያሳስታል፣ እሱም ሊሳሳት ይችላልና። በእንግሊዝኛ ጥያቄ ውስጥ «ኤክሴፕት» እና «ኖት» የሚሉት በትልልቅ ፊደል ይጻፋሉ። ለሚያይ ሰው ወዲያው ይታያሉ። አንባቢው ድምፁን ጫን ካላደረገባቸው ግን ለኛ ውስጥ ለውስጥ ያልፋሉ። የኔው ልጅ እነሱ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ይደግማቸው ነበር። ጽሑፍ ሳስጽፈው ደግሞ እያንዳንዱን አንቀጽ መልሶ ያነብልኛል፤ የራሱን ቃል አይጨምርም፣ የኔን ስህተትም አያርምም። እስካሁን ድረስ ባለውለታዬ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ከወንድምሽ ጋር ቀደም ብለው ቁጭ ብለው የድሮ ፈተና ላይ ይለማመዱ። አንድ ላይ መሥራት ጊዜ ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የምትጠይቁት ግን የሙከራ ፈተና ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ ብትዪኝ ይኼንን ነው የምልሽ። ፈተናው ከመድረሱ ከሳምንት በፊት፣ እዚያው ሲስተም ላይ፣ ነጥብ የሌለው አጭር ፈተና ይክፈቱለት። የእውነተኛው ዓይነት ጥያቄዎች ይኑሩበት። በራሱ ኮምፒውተር፣ በራሱ ስክሪን ሪደር ይሞክረው። «ቀጣይ» የሚለው ቁልፍ ይነበባል? ሰዓቱ በየደቂቃው እየጮኸ ጥያቄውን ያቋርጠዋል? መልሱን ሲመርጥ መመረጡን ይነግረዋል? ከላይ የጻፍኳቸው ችግሮች አብዛኞቹ በዚህ ይጋለጣሉ፤ ለማስተካከልም ጊዜ ይኖራል። መምህሩን ያን ያህል አያደክመውም።

ስክሪን ሪደር ገና ካልጫነ ኤንቪዲኤን ይጫን። ነፃ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት ማየት የተሳናቸው ፕሮግራመሮች በ2006 እንደ ፈረንጆቹ የጀመሩት ነው። ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ በፍላሽ ይዞ ሄዶ ሌላ ኮምፒውተር ላይም መክፈት ይቻላል። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው የንባብ ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ማጥበቅና ማላላት ላይ ይስታል፤ ግን ይለመዳል። በስልኩ ቶክባክ (የአንድሮይድ ስክሪን ሪደር) ብቻ እየተጠቀመ ከሆነ ለረጅም ጽሑፍ አድካሚ ነው። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂው ሁሉ የመውጫ ፈተናውን በኮምፒውተር ስለሚወስድ አሁን መልመዱ ኋላም ይጠቅመዋል።

ዘጌ ሆኖ ባይፈተን ይሻላል። ኔትወርኩ አያስተማምንም፤ መብራቱም እንደዚያው። በፈተናው ቀን ጠዋት በጀልባ እመጣለሁ ማለትም ልክ አይደለም፤ ሐይቁ ከነፈሰበት ይዘገያል፣ ደክሞትም ይደርሳል። ከአንድ ቀን በፊት ባሕር ዳር ይግባና ዘመድ ቤት ይደር። ሰኔ ላይ ከሆነ ደግሞ የጠዋቱን ሰዓት ይጠይቅ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ስክሪን ሪደር አይሰማም። እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የተፈተንኩበት ቀን ነበር፤ መብረቁ ሲጨመርበት መብራቱም ሄደ። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ካርድ የተሞላበት ሁለተኛ ሲም ይኑር። በክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ ሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ስለዚህ «ኔትወርክ ቢጠፋ ምን ይሆናል?» የሚለውም መልሱ በጽሑፍ ይኑር። ሜካፕ (ምትክ ፈተና) ይሰጠዋል ወይስ በአቅራቢያው ባለ ጊቢ ተገኝቶ ይፈተናል? ሁለተኛው ከተቻለ እኔ ከኦንላይኑ እመርጠዋለሁ።

ደብዳቤውን እሱ ራሱ ይጻፈው። ትልቅ ሰው ነው፤ ነገ ሥራ ቦታም እንዲሁ የሚጠይቀው እሱ ነው። አንቺ አንብቢለት፣ አብረሽው ሂጂ። ለዲፓርትመንት ኃላፊው አድርጎ፣ ግልባጭ ለሬጅስትራርና ለልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍሉ ያድርግ። የሕክምና ማስረጃ ኮፒ ይያያዝ። ገቢ ተደርጎ ቁጥር ይሰጠው። ቴሌግራም ላይ «እሺ ችግር የለም» የተባለ ነገር መምህሩ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ሕጉ ከናንተ ጋር ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 24 በከፍተኛ ትምህርትም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። የቀድሞው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 650/2001 አንቀጽ 40 ላይ የፈተና ሰዓት ማራዘምን በግልጽ ጠቅሶታል። አሁን የሚሠራበት 1152/2011 ነው፤ እሱም አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ይመለከታል። ግን በሕግ አትጀምሩ። ከመምህራኑ አብዛኛው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ምን እንደሚያስፈልገን የነገረው ስለሌለ ነው። በአክብሮት፣ በዝርዝር ጠይቁ። አንቀጹን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጥቀሱት። እምቢ ካሉ መልሱን በደብዳቤ ጠይቁና ወደ ዲኑ ውጡ።

ከሥር ኮሜንት ላይ መስማት ስለተሳናት ልጅ የጠየቅሽው እህትም፣ ለሷ ዋናው ነገር የፈተናው መመሪያ በቃል ብቻ አለመሰጠቱ ነው። መምህሩ መሃል ላይ በዙም «ጥያቄ ስድስት ላይ ማስተካከያ አለ» ካለ እሷ አልሰማችም። ማንኛውም ማስተካከያ በጽሑፍ ይላክላት። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካለም ምስሉ ስክሪኗ ላይ ተለይቶ ጎላ ብሎ ይቀመጥላት፤ በዚያች ትንሽ ሳጥን የእጅ እንቅስቃሴ አይነበብም። እጁ ላይ ጉዳት ላለበት ተማሪ ደግሞ ከላይ ስለ ሰዓትና መልስ ስለሚያስጽፉት አንባቢ ያልኩት እንዳለ ይሠራል።

እህቴ፣ የፈተናውን ቀንና ሙድል ይሁን ሌላ ሲስተም እዚህ ጻፊልኝ። ኤንቪዲኤ ሲጭን ከተቸገረ ባሕር ዳር ሲመጣ እኔ ጋ ይለፍ፤ አብረን እንሞክረዋለን። አንባቢ ካጣችሁም ሁለት ልጆችን ጠይቄ ዛሬ ማታ አሳውቅሻለሁ።