የመጀመሪያ ቄቦች ግቢ ሲገቡ፦ የጎንደር ጀማሪ አርቢዎች ጥያቄና መልስ

ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ አሥር የቦቫንስ ቄቦች ልገዛ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከቤታቸው። ቤቱ ሳያልቅ ዶሮ አይግዙ። ለ10 ቄብ 2 ካሬ ሜትር ወለል፣ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ቆጥ፣ ለሁሉም 3 የእንቁላል መጣያ ሣጥን ይበቃል። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ የጤፍ ጭድ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያንጥፉ። መስኮቱ ከቆጡ በላይ ይሁን፤ ሸለምጥማጥና አይጥ እንዳይገቡ በጥቅጥቅ ወንፊት ሽቦ ይሸፈን። የጎንደርን የሌሊት ብርድ ፈርተው በላስቲክ አይድፈኑት። ላባዋ የሞላ ቄብ ብርዱን ትችላለች። የማትችለው ከረጠበ ኩስ የሚነሣውን አሞኒያ ነው፤ ዓይኗንና ሳንባዋን ይጎዳል።

ከማራኪ፦ የትኛው ዘር ይሻላል?

መልስ፦ ለምን? ለእንቁላል ከሆነ ቦቫንስ፤ ለሥጋም ለእንቁላልም ከሆነ ሳሶ ወይም ኮኮክ። ዓላማህን ሳትነግረኝ ከዚህ በላይ ልመልስልህ አልችልም።

ከአራዳ፦ ከቅዳሜ ገበያ ሁለት ሦስት ገዝቼ ቤት ካሉት ጋር ብቀላቅልስ?

መልስ፦ እባክሽ እህቴ፣ አታድርጊው። ፈንግል ወደ ግቢ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። በሽታው የገባባት ዶሮ ምልክት ሳታሳይ ትሸጣለች፤ በቀናት ውስጥ ማስነጠስ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠምዘዝ ይመጣል፤ ያልተከተበ መንጋ ባንድ ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። መድኃኒት የለውም። አዲስ የመጣችውን ለ3 ሳምንት ለብቻዋ አቆዪያት። መጀመሪያ ነባሮቹን መግቢ፣ ቀጥሎ አዲሷን፤ ጫማሽንም ቀይሪ።

ሻጩ «ተከትባለች» ቢል አይበቃም። የትኛው ክትባት፣ በስንት ቀኗ፣ በጽሑፍ ይስጥሽ፦ ማሬክስና ጉምቦሮ (በስማቸው ለሚጠሩት በሽታዎች)፣ ኤችቢ ዋንና ላሶታ (ሁለቱም ለፈንግል)።

ላሶታ በውኃ ከመስጠትሽ በፊት ለ2 ሰዓት ውኃ ከልክያቸው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፤ የጉድጓድ ውኃ ተጠቀሚ፣ ካልተገኘ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የወጣለት የወተት ዱቄት አስቀድመሽ ጨምሪ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ በሳሙና አይታጠብ። የተበጠበጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ይለቅ። ከመደብሩ እስከ ቤት በበረዶ ይምጣ። ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከተከፈተ አይቀመጥም፤ ጎረቤት ተጠራርታችሁ ባንድ ቀን ክተቡ። በረዶ ለማይገኝበት ሰው ሙቀት የሚችለው አይ ቱ የተባለ የፈንግል ክትባት አለ፦ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ፣ በየ3 እስከ 4 ወሩ ይደገማል።

ከማራኪ፦ እናቶቻችን በፌጦና በነጭ ሽንኩርት ያድኑ ነበር።

ከአዘዞ፦ የዳኑት ጉንፋን የያዛቸው ናቸው። ፈንግል ቢሆን አንድም አይተርፍም ነበር።

ከማራኪ፦ በክረምት የተረፉ አሉ፣ በዓይናችን ያየነው ነው።

መልስ፦ ከፈንግል የሚተርፉ አሉ፤ ያተረፋቸው ግን ሽንኩርቱ አይደለም። ሽንኩርት መስጠት አይጎዳም፣ ክትባትን ተክቶ ሲሰጥ ግን መንጋ ያስጨርሳል። ይህን ክርክር እዚህ ላይ እንተወው።

ከሎዛ፦ መኖ ተወደደ። ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል?

መልስ፦ እንቁላል ለጀመሩት ይቻላል። ለ10 ኪሎ፦ የተከካ በቆሎ 5 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 2 ኪሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር 1.2 ኪሎ፣ ፉርሽካ 850 ግራም፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 850 ግራም፣ ጨው 50 ግራም፣ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) 50 ግራም። አኩሪ አተሩ ጥሬ ከሆነ ፕሮቲኑ አይፈጭላቸውም። ኖራው ግድግዳ የሚቀባው አይደለም፣ እሱ ያቃጥላል። ሻጋታ የነካው በቆሎ ይጣል፤ መርዙ በማጠብም በመቁላትም አይለቅም። አንዷ በቀን ወደ 115 ግራም ትበላለች። ይህን መኖ ከ16 ሳምንት በታች ላለች ቄብ አትስጡ፤ የካልሲየሙ ብዛት ኩላሊቷን ይጎዳል።

ከአራዳ፦ የአንድ ቀን ጫጩት ይረክሳል፤ በከሰል እያሞቅን ብናሳድግስ?

መልስ፦ ለጀማሪ አይሆንም። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። መብራት በጠፋበት ሌሊት ተደራርበው ይታፈናሉ። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ሰውንም ጫጩትንም ይገድላል። የ2 ወር ቄብ ግዙ።

ከአዘዞ፦ ኩሳቸው ላይ ደም አየሁ። ፈንግል ይሆን? መድኃኒቱስ?

መልስ፦ የፈንግልን መድኃኒት ከላይ መልሻለሁ፤ የለም። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ። ደም ያለው ኩስ በወጣት ቄብ ላይ ብዙ ጊዜ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ በሽታ ነው። አምፕሮሊየም በመጠጥ ውኃ፣ በመመሪያው መጠን፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ይስጡ። የረጠበውን ጭድ በየቀኑ ያውጡ፣ መጠጫውን ወደ ጀርባቸው ቁመት ከፍ ያድርጉ፤ በሽታው የሚራባው እርጥበት ላይ ነው። የሞተች ካለች ሳትበሰብስ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።

ከማራኪ፦ እንቁላል መቼ ይጀምራሉ?

መልስ፦ ቦቫንስ ከ18 እስከ 20 ሳምንት፣ ሳሶ ትንሽ ትዘገያለች። ለሽያጭ ካሰብክ ሁዳዴ 55 ቀን ገዢ እንደሚቀንስ አስብ። የክትባቱንም ቀን አሁኑኑ ቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፍ።