በለስዎ በብርድ ወራት ቢጨማደድ ውኃ አያጠጡት

ጤና ይስጥልኝ። በረዶ በሚጥልበት አገር፣ ፀሐይ በማይለየው ደረቅ ግቢዎ የተከሉት የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ የቁልቋል በለስ ብርዱ ሲገባ ተጨማድዶ መሬት ላይ መተኛቱን ጽፈው፣ «ውኃ ልጨምርለት ወይስ ነቅዬ ልጣለው?» ብለው ጠይቀዋል። ሁለቱንም እንዳያደርጉ እለምንዎታለሁ።

የእርስዎም እንደ እኔው ኦፑንሺያ ሁሚፉሳ የተባለው የበለስ ዓይነት ይመስለኛል። ይህ ተክል ብርዱ ሲቃረብ በውስጡ ያለውን ውኃ ራሱ ይቀንሳል፤ የሚቀረው ፈሳሽ ስኳር የበዛበትና ወፍራም ስለሚሆን በቀላሉ ወደ በረዶነት አይለወጥም። መጨማደዱ በሽታ ሳይሆን መከላከያው ነው። የቅርብ ዘመዱ ኦፑንሺያ ፍራጂሊስ እንዲያውም ካናዳ ውስጥ እስከ 56 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ በዱር ይበቅላል።

1. የሚገድለው ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ከግቢው ወለል ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርተው ሻካራ አሸዋና ጠጠር በብዛት ይቀላቅሉበት።

2. ኮምፖስትና ፍግ አያስጠጉት። እዚህ ላይ ቁጭቴን ልናገር። ተክሉን የሸጠኝ ሰው ጉድጓዱን በኮምፖስት ሞልቼ በየሳምንቱ እንዳጠጣው አጥብቆ መከረኝ፤ እንዳለኝም አደረግሁ። የመጀመሪያውን ብርድ እንኳ ሳይሻገር ከአፈሩ ጋር የሚገናኘው ግርጌው ጠቆረ፣ ሲነኩትም እንደ በሰበሰ ሙዝ ይፈርስ ጀመር። ወስጄ ባሳየው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ውኃ አሳንሰህበት ነው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ የፈለግሁት ገንዘቤን ሳይሆን፣ ለሚቀጥለው ገዢ ትክክለኛውን እንዲናገር ነበር። ያተረፈኝ ያልተበላሸው ጫፍ ነው፤ በንጹሕ ቢላ ከመጋጠሚያው ቆርጬ፣ ቁስሉ ጠግጎ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አቆየሁትና (አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃል) ሲሶውን ብቻ በጠጠራማ አፈር ቀበርሁት። ያ ቁራጭ ዛሬ መደቡን ሞልቶታል። በበጋው መግቢያ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ አንዱ አበባ የሚቆየው ለአንድ ቀን ያህል ቢሆንም፣ መካከሉ ያሉትን ቀጫጭን ክሮች በጣትዎ ጫፍ ነካ ሲያደርጓቸው በዝግታ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ማየት ድካምን ሁሉ ያስረሳል።

በሚቆርጡበት ጊዜ በጓንት አይተማመኑ። ከትልቁ እሾህ ይልቅ የሚያስቸግረው ፀጉር መሳዩ ጥቃቅን እሾህ ነው፤ ጓንቱ ላይ ተሰክቶ ይቀርና በሌላ ቀን እጅዎን ይወጋዎታል። በጉጠት ወይም ደጋግሞ በታጠፈ ጋዜጣ ይያዙት፤ ወረንጦም አያጡ።

አሁን ማድረግ የሚገባዎት ሥሩ ላይ የተከማቸውን እርጥብ ቅጠላ ቅጠል ጠርገው ጠጠር ማልበስና ግርጌውን በእንጨት ጫፍ መፈተሽ ብቻ ነው። ጠንካራ ከሆነ ሙቀቱ ሲመለስ ራሱ ቀና ይላልና ይተዉት። ለስልሶ ካገኙት ግን ጤነኛውን ጫፍ ዛሬውኑ ቆርጠው በደረቅ ቦታ ያቆዩትና ጸደይ ሲገባ ይትከሉት።