የፊትና የኋላ ጎማ ብራንድ ቢለያይ ችግር አለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ሁለት በር ስፖርት መኪና አለችኝ፣ ሞተሩ የሚያዞረው የኋላ እግሯን ነው፣ የጎማ ልኬቷ ፊት 245/40 አር 19 ኋላ ደግሞ 275/35 አር 19 ታስራለች። አራቱም ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ነበሩ፣ አሁን የኋላዎቹ ጥርሳቸው አልቆ ሊላጩ ነው የፊቶቹ ግን ገና ግማሽ ላይ ናቸው። ጎማ ሻጩ ለኋላው ያንኑ አጣሁልህ ብሎ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ፣ አንዱ ኮንቲኔንታል ስፖርት ኮንታክት 7 ነው፣ ሌላው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ለሁሉም ወቅት የሚሆን ጎማ ነው፣ ትሬድዌሩ (ጎማው ምን ያህል ሳይበላ እንደሚቆይ የሚነግረው ቁጥር) 500 ይላል፣ "ቶሎ አይበላም ይሄን ውሰድ" አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ በስፖርት መኪና ብራንድ ከቀላቀልክ ትገለበጣለህ እያሉ ያስፈራሩኛል። አራቱንም ልቀይር ወይስ ሁለቱን ብቻ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ጓደኞችህ መስጋታቸው ትክክል ነው፣ ግን የሚያሰጋው የብራንዱ ስም ሳይሆን አስፋልቱን አጥብቆ የሚይዘው ጎማ የት ጋ እንደታሰረ ነው። ፊቱ ከኋላው በላይ የሚይዝ ከሆነ ኩርባ ላይ ፊቷ ይታጠፍልህና ኋላዋ ያመልጥሃል፣ ትሽከረከራለች። ኋላው ይዞ ፊቱ ከተንሸራተተ ግን መሪ ብታጥፍም ቀጥ ብላ መሄድ ትፈልጋለች፣ እሱም ደስ አይልም ግን እግርህን ከነዳጁ ላይ ስታነሳና ፍጥነቷ ሲወርድ ፊቷ ተመልሶ ይይዛል፣ አብዛኛው ሹፌር ደንግጦ የሚያደርገውም ይሄንኑ ነው። ኋላ ሲወጣ በድንጋጤ ነዳጅ ከለቀቅክ ወይ ፍሬን ከረገጥክ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላው ጎማ ጭራሽ ይቀልለዋል፣ ነገሩ ይብሳል።

ስለዚህ ያ 500 የሚለው ጎማ ለኋላህ አይሆንም፣ በፍጹም። የፊቶችህ ትሬድዌር 300 ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ቶሎ አያልቅም ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያን ያህል አይይዝም። በርግጥ ቁጥሩን እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ ጎማ ራሱ ስለሚሰጥ ብራንድ ከብራንድ ስታወዳድር ግምት ነው የሚሆነው፣ ግን ከቁጥሩም በላይ ጎማው የተሰራበት ውህድ ራሱ የተለያየ ነው። እንደ ፊቶችህ ያለ የበጋ፣ ማለትም ለሞቃት ጊዜ የተሰራ ስፖርት ጎማ ከ7 ዲግሪ አካባቢ በታች ሲቀዘቅዝ ይደርቃል መያዝ ይቀንሳል፣ ለሁሉም ወቅት የሚሰራው ብርዱን ይችላል ሙቀት ላይ ግን ከስፖርቱ እኩል አይይዝም። አንድ መኪና ላይ ፊትና ኋላ ካሰርካቸው ጠዋት በብርድ የለመድከው ባህሪዋ ከሰዓት ሲሞቅ ይቀየርብሃል፣ ይሄን ማንም ሹፌር ሊለምደው አይችልም።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር የጎማው ጎን ነው። አስበው እስቲ፣ በ100 እየሄድክ ከፊትህ የሆነ ነገር ወደቀና መሪውን ወደ ግራ ሰብረህ ወዲያው ወደ ቀኝ መለስከው። ጎኑ ጠንካራ የሆነው የፊት ጎማ ትእዛዙን እዛው ይቀበላል፣ የኋላው ጎን ለስላሳ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይተጣጠፋል ከዛ ነው የሚከተለው፣ አንተ ወደ ቀኝ ስትመልስ እሱ ገና የግራውን አልጨረሰም፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ኋላዋ እንደ ጅራፍ ይወረወራል። መንሸራተት የሚቆጣጠር ሲስተም አለኝ ብለህም አትዘናጋ፣ አንዱን እግር ለይቶ ፍሬን እየያዘ፣ የሞተሩን ጉልበት እየቀነሰ ያግዝሃል እንጂ ጎማው የሌለውን መያዝ ከየትም አያመጣልህም።

ስፖርት ኮንታክት 7ን ውሰድ፣ ሁለቱንም ለኋላ። እሱም የበጋ ስፖርት ጎማ ነው፣ ከፊቶችህ ጋር አንድ ደረጃ ላይ ነው፣ አዲሱ ኋላ ስለሚሆን ደግሞ በዝናብ መጀመሪያ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ፊቱ ነው፣ መሪው በድንገት ቅልል ሲልህ ታውቀዋለህ። ለዚህም ነው ሁለት ብቻ ስትቀይር አዲሱ ወደ ኋላ የሚባለው። የፊቶቹን ጥርስ ለካቸው፣ ህጉ በብዙ አገር እስከ 1.6 ሚሊሜትር ይፈቅዳል ግን ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ቶሎ ስለሚነሳ እኔ 3 ላይ ሲደርሱ ቀይር ነው የምልህ፣ ያኔ ከኋላው ጋር አንድ አይነት ግዛና አራቱም ይገጥማሉ። መኪናዋን ውድድር ሜዳ ይዘህ የምትገባ ከሆነ ግን አሁኑኑ አራቱንም ቀይር።

አንድ አክስል ላይ፣ ማለትም በፊት ሁለቱ ወይም በኋላ ሁለቱ እግር መካከል፣ ግራና ቀኝ መለያየት ግን ለማንም አልፈቅድም፣ ብራንዱም ሞዴሉም አንድ መሆን አለበት። ስትገዛ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን 4 ቁጥሮች አንብብ፣ 1422 ካለ በፈረንጅ 2022 በ14ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ አዲስ ነው ተብሎ መደርደሪያ ላይ የከረመ እንዳይሸጥልህ። የፍጥነት ፊደሉም መኪናዋ ከምትጠይቀው አይነስ፣ ደብልዩ እስከ 270 ነው ዋይ እስከ 300 ኪሎሜትር በሰዓት። ከታሰሩ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ቀስ ብለህ ንዳ፣ አዲስ ጎማ ላዩ እስኪጠረግ ያንሸራትታል።

ጥያቄ፦ የኔ መኪና አራቱም እግር ነው የሚጎትተው፣ ለኔም ያው ነው?

መልስ፦ ላንተ እንዲያውም ጥንቃቄው ይብሳል። ስፖርት መኪና ላይ የፊትና የኋላው ቁጥር ቢለያይም ቁመታቸው እንዲቀራረብ ተደርጎ ነው የሚመረጠው፣ ከላይ የጠየቀን ወንድማችንን ብታሰላው ፊቱ 679 ኋላው 675 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ችግሩ አንድ አይነት ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ብራንዶች ሲለኩ ትክክል እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፣ የተበላና አዲስ ሲሆኑ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ያኔ ፊቱና ኋላው በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞሩ ጉልበቱን የሚያከፋፍለው ክፍል ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳን እረፍት የለውም፣ ይግላል ይበላል፣ እሱን ማሰራት ደግሞ ከአራት ጎማ በላይ ያስወጣሃል። የመኪናህን መመሪያ መጽሐፍ አይተህ አራቱንም አንድ አይነት እሰር፣ መኪናህ ፖርሽ ከሆነች ደግሞ ጎኑ ላይ ኤን0 ወይም ኤን1 የሚል ምልክት ፈልግ፣ ፖርሽ ራሱ ፈትኖ የፈቀደው እሱን ነው፣ የፊቱና የኋላው ምልክትም አንድ ይሁን።